ክንዳችሁን እያመማችሁ ዝም አትበሉ

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ ቡና ላይ ተቀምጠን «ክትባቱ እንዲህ አደረገኝ» እንባባላለን፤ ሐኪም ፊት ስንቀርብ ግን ዝም። ሕጉ ካሳ እንድንጠይቅ የሰጠን ቀን ካለፈ በኋላ ጠበቃ ፍለጋ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የፍሉ፣ የኩፍኝ ወይም የቴታነስ ክትባት ጎዳኝ የሚል ሰው በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት መጀመሪያ የሚያመለክተው ዋሽንግተን ላለው የፌዴራል የካሳ ጥያቄዎች ፍርድ ቤት ነው። ጊዜው የመጀመሪያው ምልክት ከታየበት ቀን አንሥቶ 3 ዓመት ነው። የኮቪድ ክትባት ግን እዚህ ውስጥ የለም። የእሱ ማመልከቻ የሚገባው ለፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ነው፤ ያውም በተወጋችሁ በ1 ዓመት ውስጥ። እባካችሁ ሁለቱን አታምታቱ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የትከሻ ጉዳት ነው። የክንድ ጡንቻ ላይ ማረፍ የሚገባው መርፌ ከፍ ብሎ ከተወጋ መገጣጠሚያውን ያስቆጣል፤ ክንድ አልነሣ ይላል። ሕመሙ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመሩ፣ ከ6 ወር በላይም መቆየቱ መታየት አለበት። እኛ ግን ቅባት እየቀባን አራት ወር እንቆይና «ትከሻዬን ያመኛል» ብለን ብቻ እንመለሳለን። መዝገቡ ላይ የምትሰፍረው ያችው ቃል ናት። ዳኛው ደግሞ የሕክምና መዝገብ ወይም የሐኪም አስተያየት ሳይኖር በአመልካቹ ቃል ብቻ መፍረድ አይችልም። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ የተወጋችሁበትን ቀን፣ የትኛው ክንድ እንደሆነና መቼ እንደጀመራችሁ እንደሆነው አድርጋችሁ ተናገሩ። የክትባቱ ስምና የሎት ቁጥሩ (የምርቱ መለያ ቁጥር) ያለበትን ወረቀት ውሰዱ፤ ግራው ቀኝ ተብሎ ከተጻፈ ያኔውኑ አሳርሙ። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

«ከካሳው ሲሶው የኔ» የሚላችሁን ጠበቃ አትፈርሙለት። በዚህ ፍርድ ቤት ጠበቃ ከደንበኛው ካሳ ላይ መቁረጥ በሕግ ተከልክሏል። ጥያቄው በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት ከቀረበ ብትሸነፉ እንኳ ፍርድ ቤቱ የጠበቃውን ክፍያ ለክትባት ጉዳት ካሳ ከተቋቋመው ፈንድ ሊወስንለት ይችላል።

«ካሳ ተከፈለ፤ ስለዚህ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል» እያላችሁ እናቶችን የምታስፈራሩም ተዉ። አብዛኛው ካሳ የሚከፈለው በድርድር ነው፤ መንግሥት ጉዳቱን ክትባቱ አደረሰው ብሎ ሳያምን። የኦቲዝሙ ጥያቄ ደግሞ 5,000 ያህል ቤተሰቦች ያመለከቱበት ነው፤ ለመፈተሻ የተመረጡት የክስ መዝገቦች ለዓመታት ተመርምረው በ2009 እና በ2010 ውድቅ ሆነዋል።