ሁሉ ያለበት፣ ካርዱ የሌለበት ሻንጣ

ባሕር ዳር ውስጥ የአንዲት ሴት ሆድ ገፋ ማለት ሲጀምር ሁለት ነገር አብሮ ይጀመራል፤ ክትትልና ክርክር። ክትትሉ ጤና ጣቢያ ነው፣ ክርክሩ ቤት። አያት ሳይወለድ የሕፃን ልብስ መግዛት አይወዱም፣ ገዱ ክፉ ነው ይላሉ። አክስት ደግሞ ገና በ5ኛው ወር መታጠቢያ ሳፋና የሕፃን አልጋ ገዝታ ሳሎኑን ዘግታዋለች። በሁለቱ መካከል ነፍሰ ጡሯ ተቀምጣለች። «እኔ እንኳ...» ብላ አፏን ከከፈተች «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ተብላ ትዘጋለች።

የወሊድ ሻንጣ የሚታሰርበት ጊዜ የታወቀ ነው፤ 36ኛው ሳምንት፣ ማለትም 8ኛው ወር አልቆ 9ኛው ሲገባ። ጊዜውን የጠበቀ ምጥ ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት ባለው በማንኛውም ሌሊት ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያም ቀድሞ የሚመጣ አለ። «ገና ነው» የሚል ቤት የእንሽርት ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ሞዴስ ፍለጋ ሱቅ ያንኳኳል። የሠርጉ ዕለት በርበሬ ቅንጠሳ ይሏል እንዲህ ነው። ገድ የሚፈሩ አያት ላሉበት ቤት መፍትሔ አለ፤ የሕፃኑ ልብስ በፌስታል ይታሰርና «የጎረቤት አደራ ነው» ይባላል። አያትም እያወቁ ዝም ይላሉ።

ከዚያ የሻንጣው ምርጫ ይመጣል። ቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚመረጠው ከአረብ አገር የመጣው ባለጎማ ሳምሶናይት ነው፤ ሰው ያየዋላ! ይህ ሻንጣ ባጃጅ ውስጥ አይገባም። ሲገባም የሚቀመጠው ምጥ የያዛት ሴት ልትጋደምበት በሚገባው ቦታ ላይ ነው። ደርሶ ሲወርድ ደግሞ በሌሊት ኮሪደር ላይ «ክርክርክር» እያለ የተኛውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። የሚሻለው ጉልበት ላይ የሚያዝ፣ ዚፑ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት፣ ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ ነው። እሱን ግን ማን ፎቶ ያነሳዋል?

ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ ይባላል፤ ሻንጣ ላይ ግን ወንዱም ያጠነዛል። አማት ሁለት ጋቢ ይጨምራሉ፣ በሚያዝያ፣ በባሕር ዳር። አክስት ዳይፐር ይዛ ትመጣለች፤ ቁጥሩ 4 ነው። «ያድግ የለ?» ትላለች። ያድጋል፤ ግን ጊዜውን ጠብቆ የሚወለድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 4 ኪሎ ነው፤ ለዚህ የተሠራው ቁጥር 1 ነው። ቁጥር 4 ሲታሰርለት ሕፃኑ በዳይፐር ውስጥ ሳይሆን በዳይፐር ቤት ውስጥ ይኖራል። ቁጥር 1 ሆኖም ጠርዙ ከእትብቱ በታች መታጠፍ አለበት፤ እትብት የሚደርቀው አየር ሲያገኝ ነው፤ ቅቤም ሆነ ባለሙያ ያላዘዘው ሌላ ነገር አይቀባም።

ጨርቁ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ጥፋቱ የበዛው እዚያ ነው። ለክብር ሲባል አዲስ ፎጣና አዲስ ነጠላ ይገዛል። አዲስ ጥጥ ግን ታጥቦ እስኪለሰልስ ድረስ ውኃ አይመጥም፣ ሕፃኑን ያዳልጠዋል እንጂ አያደርቀውም። ስለዚህ ሁለት ፎጣ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ። ሁለት የሆነበት ምክንያት አለው፤ ልጁ እንደወጣ በአንደኛው ይደረቃል፣ እርጥቡ ወዲያው ይነሳል፣ በደረቁ ተሸፍኖ እናቱ ደረት ላይ ራቁቱን ይተኛል። እርጥብ ሕፃን በጣና ዳር ሙቀትም ይበርደዋል። ኮፍያው ከላይ መሆን አለበት፤ አዋላጇ «ኮፍያ!» ስትል ቦርሳው ተገልብጦ መፈለግ የለበትም። ከዚህ በላይ አራት ወይም አምስት ልብስ፣ ሁለት መጠቅለያና ካልሲ ይበቃል። አያት በአምስት ድርብ ካልጠቀለልኩ ይላሉ፤ ልኩ ግን እኛ ከለበስነው አንድ ድርብ ብቻ መጨመር ነው። የሕፃን ሙቀት መሆን ያለበት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በጋቢው ይሁን በሕመም የሞቀው አይለይም።

ለእናትየው የሚያስፈልገው ያረጀ ነገር ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። ማንም ያረጀ ነገር ይዞ ሰው ፊት መቅረብ አይፈልግም። ከፊት የሚከፈት ሰፊ ቀሚስ፣ ጠቆር ያለ ሰፊ የውስጥ ሱሪ አምስት ያህል፣ ትልቁ ሞዴስ ሁለት እሽግ (ቀጭኑ የወር አበባ ሞዴስ የመጀመሪያውን ቀን አይችልም)፣ የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ ሶፍትና ለቆሸሸው ልብስ ባዶ ፌስታል። ጥበብ ያለው ነጭ ቀሚስ ቤት ይቆይ፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚባለው እቤት ነው።

ስለ ምግቡ ሰው ሁሉ ሊቅ ነው። አጥሚት የሌለበት ሻንጣ ሻንጣ አይደለም፤ ሦስት ፔርሙዝ ያለበትም አለ። ወፍራም አጥሚት ትኩሱን ፔርሙዝ ውስጥ ሲገባ እዚያው ይረጋል፤ ተገልብጦ ቢመታም አይወርድም፣ በማንኪያ ይቆፈራል። ከተለመደው ቀጠን ማለት አለበት። የፔርሙዝ ሆዱ መስታወት ስለሆነም ቆሞ በእጅ ይያዛል እንጂ ልብስ መሃል አይጋደምም፤ ሲሰበር ድምፁ «ጭል» ነው፣ ከዚያ በኋላ አጥሚቱም ልብሱም የመስታወት ፍርፋሪ ነው። ገንፎውን በተመለከተ፣ በቀዶ ጥገና የወለደች ሴት ሐኪሙ እስኪፈቅድ አትበላም፤ ያ ሁሉ ቅቤ የገባበት ገንፎ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር በአስታማሚዎች ይበላል። እነሱም አራስ ይመስል ይወዛሉ።

ለሕፃኑ የሚታሸገው ምግብ መጠን ዜሮ ነው። ጡጦ የለም፣ የቆርቆሮ ወተት የለም፣ ለማላሻ የምትታሰር ቅቤም የለችም። እንገሩ፣ ያ ቢጫው፣ አይታለብም አይደፋም። በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይጠባል፤ ሆዱ በዚህ ጊዜ በጣም ትንሽ ነውና ጥቂቱ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የክትትል ካርዱ፣ የደም ዓይነት ውጤቱ፣ አልትራሳውንዱ፣ የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የጉበት ምርመራው፣ መታወቂያው፣ ካለም የጤና መድን ደብተሩ። ሁሉም ተደምረው ከአንድ ጭልፋ አጥሚት ይቀላሉ፤ የሚጠፉትም ስለሚቀሉ ነው። «እንዳይጠፋ» ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፣ ቁልፉ አማት መቀነት ላይ ይታሰራል፣ አማት ደግሞ ቀድመው ሆስፒታል ደርሰዋል። ካርዱ ከሌለ አዋላጇ የደም ግፊቱ ባለፉት ወራት ስንት እንደነበር አታይም፣ ምርመራው እንደገና ይጀመራል። የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት ልጇ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ የምትወጋው መርፌ አለ፤ ይህን የሚናገረው ያቺ ቁራጭ ወረቀት ናት። ካርዱ ተገኝቶ ሻንጣ ሲገባም አደጋው አላለፈም። ጠበሉ በሃይላንድ ሆኖ፣ ክዳኑ ሳይጠብቅ፣ ጎኑ ይቀመጣል። ባጃጁ ሁለት ጉድጓድ ሲዘል ካርዱ ተጠምቆ ይወጣል። ላስቲክ ውስጥ፣ በውጪኛው ኪስ፣ ለብቻው!

ባል የሚሸከመው ቻርጀር፣ ዝርዝር ብርና ደም ለመስጠት የተስማሙ ሁለት ዘመዶችን ነው። ዘመዶቹ ሻንጣ አይገቡም፤ ስልካቸው ግን ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ምክንያቱም የባል ባትሪ «ገና ነች» እያለ ለሃምሳ ሰው ሲደውል ከእኩለ ሌሊት በፊት ያልቃል። ማታ ባጃጅ እንደ ቀን አይገኝምና የሾፌሩም ቁጥር እዚያው ወረቀት ላይ ይሁን። ሾፌሩ «ወዴት?» ሲል ደግሞ መልሱ አንድ ይሁን፤ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከተማ ውስጥ ነው፣ ጥበበ ግዮን ግን በአዴት መንገድ ወጣ ብሎ ነው፣ አደባባይ ላይ ቆሞ ቤተ ዘመድ የሚመክርበት ጉዳይ አይደለም። ከዘጌና ከደሴቶቹ ለምትመጣ እናት ነገሩ ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጣና ማዕበል አለው፤ ምጥን ሳይጠብቁ ቀኑ ሲቃረብ በጠዋት ጀልባ ተሻግሮ እናቶች ማቆያ መግባት ይሻላል፣ ዕቃውም በላስቲክ ይጠቅለል። ደም ከታየ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ሻንጣም አይጠበቅ።

በሩ ላይ ጥበቃው ቆሟል።

«እማማ፣ የሚገባው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው።»

«እሺ ልጄ፣ ዕቃውን ብቻ ላስገባ።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አጥሚት።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱም አጥሚት። ያኛው የአጃ ነው።»

እዚህ ላይ የሻንጣው ዋና ጉድለት ይገለጣል። ያሰሩት አማት ውጭ ቀሩ፤ የገባችው ታናሽ እህት ምኑ የት እንዳለ አታውቅም። አዋላጇ ፎጣ ስትል ጋቢ፣ ሞዴስ ስትል ቁጥር 4 ዳይፐር ታወጣለች። አብራ የምትገባው ሴት ከነፍሰ ጡሯ ጋር ሆና ብታስረው፣ ሦስት ፌስታል አድርጋ በእስክርቢቶ «ምጥ»፣ «ሕፃን»፣ «አራስ» ብትልባቸው በጨለማም ይገኛል። ይህን ምክር ግን አማት ፊት የሚናገር ጀግና ያስፈልጋል።

በሰላም የወለደች ቢያንስ 24 ሰዓት ቆይታ ትወጣለች። ልጁ ሳይወጣ የቢሲጂ ክትባትና የፖሊዮ ጠብታ ይወስዳል፣ የልደት ማሳወቂያ ወረቀትም ይሰጣል። በዚህች ወረቀት በ90 ቀን ውስጥ ልደቱ መመዝገብ አለበት። አማት ይቀበሏትና፣ እንዳትጠፋ፣ ሻንጣው ውስጥ ይከቷታል።

በ89ኛው ቀን አባት ቀበሌ ሊሄድ ተነስቷል። ሻንጣው ከቁም ሳጥኑ ላይ ወርዶ መሬት ላይ ተዘርግፏል። ሁለት ጋቢ አለ። አንገቱ የተሰበረ ፔርሙዝ አለ። ገና ያልተከፈተ ቁጥር 4 ዳይፐር አለ።

«እማዬ፣ ወረቀቷስ?»

«እንዴ! እንዳትጠፋ ብዬ ቆልፌባት የለ?»