መብራት ጠፋ ተብሎ ኢንሱሊን (የስኳር በሽታ መርፌ) አይጣልም!

ጅማ ላይ መብራት እልም ባለ ቁጥር «ኢንሱሊኑ ተበላሸ» እየተባለ ሙሉ ብልቃጥ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ኧረ ተዉ! ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል እንጂ ጥቂት ሰዓት አይገድለውም። የተከፈተውማ ፍሪጅ ባይገባም ከ25 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ 4 ሳምንት ገደማ ይቆያል። ገዳዩ ሌላ ነው፦ «ቶሎ ይቀዝቅዝ» ብሎ ፍሪዘር ውስጥ መክተት። አንዴ በረዶ ከሠራ፣ ቢቀልጥም ዋጋ የለውም። ይህን መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው በሁለት ቃል ቢናገር ምን ነበረበት?

ያለ መብራት ማቀዝቀዝ ካስፈለገ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ትልቅ ማሰሮ፣ ውስጡ ትንሽ ማሰሮ፣ መሃላቸው እርጥብ አሸዋ፣ አፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ። ብልቃጡ በፌስታል ታስሮ ትንሹ ውስጥ ይገባል። ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። በጅማ ክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃው እንደልብ አይተንም፣ ማሰሮውም እምብዛም አያቀዘቅዝም። (ደግነቱ ያኔ ሙቀቱም የለም።)

ደመናማው (ነጣ ብሎ የሚደፈርሰው) የኢንሱሊን ዓይነት ደግሞ አይናጥም! በመዳፍ መሃል 10 ጊዜ ያህል ቀስ ተደርጎ ይንከባለላል። ከዚያም በኋላ ነጭ ፍርፋሪ ከታየበት፣ ወይም ጥርት ማለት የነበረበት ከደፈረሰ፣ ያኔ ይጣል።