ግማሽ ድልድይ፣ ሙሉ ቲኬት

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሮን ወንዝ ዳር፣ አቪኞን የምትባል ከተማ አለች። እንጀራዋን የምትበላው የሌላትን እያሳየች ነው። ድልድይዋ ግማሽ ነው። ቤተ መንግሥቷ ባዶ ነው። ጎረቤቷ ያለው መንደር ደግሞ ከግንቡ የቀረው ግድግዳ ነው። ይህን ለማየት ከዓለም ዙሪያ ሰው ይጎርፋል፤ ይሰለፋል፤ ይከፍላል። እኛ ቅርስ ሲፈርስብን እናለቅሳለን። ፈረንሳዮቹ ደግሞ የፈረሰው በር ላይ ቲኬት ቆራጭ ያስቀምጣሉ።

ፓሪስ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ያለ ደመወዝ አስጎብኚ ነው። ዘመድ ይመጣል፣ ኤፍል ይታያል፣ ሻንዜሊዜ ይታያል፣ ከዚያ ዘመዱ "ሌላስ?" ይላል። አክስቴም አሉ። ስለዚህ ፈጣኑን ባቡር ይዘን ወረድን። ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። አክስቴ ግን ለመንገድ ያሰሩት ቆሎ ለሦስት ቀን የሚበቃ ነበር።

መጀመሪያ ድልድዩ። ቅዱስ ቤኔዜ ይባላል። ታሪኩን ስነግራቸው አክስቴ ወዲያው ጆሯቸውን ሰጡኝ፤ ገድል ነዋ። ቤኔዜ የበግ እረኛ ነበር። በ1177 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ከሰማይ ድምፅ መጣና "ሂድ፣ ሮን ላይ ድልድይ ሥራ" አለው። ከተማው ሳቀበት። እሱ ግን ብዙ ሰው ሆኖ የማይነሳውን ድንጋይ ብቻውን ተሸክሞ ወንዙ ዳር አኖረው ይባላል። አክስቴ አማተቡ። ቀጥለውም "ካቶሊክ ቢሆንም" አሉ፣ ለጥንቃቄ።

ድልድዩ 22 ቅስት ነበረው። ሮን በሞላ ቁጥር የተወሰነውን ይዞ ይሄዳል፤ ሰዎቹ ይጠግናሉ፤ ደግሞ ይሞላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰለቻቸውና ተዉት። አሁን 4 ቅስት ቀርቷል። ጎብኚው ከፍሎ ይገባል፣ እስከተቆረጠበት ይሄዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በመጣበት ይመለሳል።

አክስቴ ጫፉ ላይ ቆመው ማዶውን አዩት።

"ኮንትራክተሩ የት ገባ?"

"ጎርፍ ነው የወሰደው፣ አክስቴ።"

"መቼ?"

"ከ300 ዓመት በላይ ሆነው።"

"ታዲያ እስካሁን በጀት አልተለቀቀለትም?"

የፈረንሳይ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው አንድ የልጆች ዘፈን አለ፤ እዚህ ድልድይ ላይ ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ ይላል። ድልድዩ ግን ጠባብ ነው። ክብ ለመሥራት የሚሞክሩ ጎብኚዎች እርስ በርስ ሲገፋፉ አየን። አክስቴ ትንሽ ታዘቧቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አጥብቀው አሰሩና ትከሻቸውን ሰበቅ ሰበቅ አደረጉት። ለካ ለዚህ ድልድይ የሚሆነው ጭፈራ እኛ ጋ ኖሯል። አንድ ክንድ ቦታ ይበቃዋል። ከጃፓን የመጡ ይመስሉኛል፣ አንዳንዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ቀረጿቸው። አሁን በሆነ አገር ሰው "የአቪኞን ባህላዊ ጭፈራ" ብሎ እያያቸው ይሆናል።

ፎቶውን ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላኩት። ያገራችን ሰው ፈረንሳይ መሄድህን የሚያምነው ኤፍል ከኋላህ ሲቆም ብቻ ነው። መልሱ ወዲያው መጣ። "ድልድዩን ማን ሰበረው?" "ጦርነት አለ እንዴ?" አንዷ ደግሞ "እትዬ፣ መቼ ተመለሱ?" ብላ ጻፈች።

የቤተ መንግሥቱ ፎቶ ሲላክማ የባሰ ሆነ። "ጎንደር ነው አይደል?" አሉ። እውነትም ግንብ ነው፣ ጥርስ ያለው አናት አለው። የፋሲል ግንብ ግን ከዚህ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ያንሳል።

ቤቱ የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት ነበር። ከ1309 እስከ 1377 ሰባት ሊቃነ ጳጳሳት፣ ሁሉም ፈረንሳዮች፣ መንበራቸውን እዚህ አድርገው ኖረዋል። ግንባታው በ1335 ተጀምሮ ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ አልቋል። አክስቴ "ይሄኛው ኮንትራክተር ሌላ ነው" አሉ። ከተማዋን ራሷን ደግሞ ቀሌምንጦስ 6ኛ በ1348 ገዟት፤ በ80,000 የወርቅ ፍሎሪን፣ ከናፖሊ ንግሥት ከጆቫና። ንግሥቲቱ በዚያን ጊዜ ባሏን አስገድላለች ተብላ ትታማ ነበር። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ገባኝ። ዋጋው ላይ ተነጋግረዋላ።"

ውስጡ ባዶ ነው። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ እስከ 1906 ድረስ የወታደር ሰፈር ሆኖ ቆይቷል። ወታደሮቹ የግድግዳ ሥዕሉን እየፋቁ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ አሁን መግቢያው ላይ ታብሌት ይሰጡሃል። ክፍሉ ውስጥ ገብተህ ታብሌቱን ከፍ ስታደርግ መጋረጃው፣ አልጋው፣ ምንጣፉ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ዝቅ ስታደርግ ይጠፋል። ሰው ሁሉ የ14ኛው ክፍለ ዘመን አዳራሽ መሃል ቆሞ ስክሪን ያያል።

አክስቴ ታብሌቱን መለሱልኝ። "ባዶ ቤት ሲያከራዩ አውቃለሁ። ባዶ ቤት ሲያስጎበኙ ገና ዛሬ አየሁ።"

የነቁት ማድ ቤቱ ጋ ስንደርስ ነው። ክፍሉ በሙሉ ጭስ ማውጫ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀና ስትል ግድግዳው እየጠበበ ሄዶ ሰማይ ላይ ያልቃል። ቀሌምንጦስ 6ኛ በ1342 ዘውድ ሲጭኑ የተደገሰውን ድግስ ተረኩላቸው፤ ማድ ቤቱ ከዚያ በኋላ የተሠራ ቢሆንም። 118 በሬ። 1,023 በግ። ከ10,000 በላይ ዶሮ። 50,000 ጣፋጭ ኬክ።

ስለ ሥነ ሕንፃው ሳወራ ሲያዛጉ የነበሩት አክስቴ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰፈራችን ውስጥ ያለ እሳቸው ሠርግ አይደገስም። "ሽንኩርቱን ስንት ሴት ላጠው?" አላውቅም። "ዶሮውን ማን በለተው?" አላውቅም። "ዕቃውን ከየትኛው ዕድር ተዋሱ?" ዝም። "ለጾመኛስ?" እዚህ ላይ መልስ ነበረኝ፤ 300 ዓሣ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ለዚያ ሁሉ ቄስ 300 ዓሣ? ታምተዋል።" ከእኛ ኋላ የመጣ የጉብኝት ቡድን አልፎን ሄደ። ሌላም ቡድን አለፈን። አክስቴ ገና ወጡን እየሠሩ ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ነገርኳቸው። በ1483 የታተመ የጣሊያኖች ዜና መዋዕል፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ 30 የኢትዮጵያ መልእክተኞች አቪኞን ድረስ መጥተው ነበር ይላል። የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አክስቴ የሚከራከሩበት ነገር አልታያቸውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። "30 ሰው በአንድ ጊዜ ቪዛ አገኘ?"

ነፋሱን መዝለል አይቻልም። ሚስትራል ይሉታል። ከሰሜን በሮን ሸለቆ ቁልቁል እየተምዘገዘገ ይመጣል፣ ሰማዩን ጠርጎ ጥርት ያደርገዋል፣ ከዚያ በሰው ይመጣል። የአክስቴን ነጠላ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ፣ ቡና በሚጠጣ ሽማግሌ ራስ ላይ አገኘነው። ሰውዬው ተነስቶ እጅ ነሳ። አክስቴ እስከ ማታ ስለ እሱ ጨዋነት አወሩ።

በማግስቱ መኪና ተከራይተን "ፖን ዱ ጋር" ወደሚባል ቦታ ሄድን። የሮማውያን የውኃ ድልድይ ነው፤ ሦስት ፎቅ ቅስት፣ 49 ሜትር ቁመት፣ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ። ወደ ኒም ከተማ ውኃ የሚወስድ የ50 ኪሎ ሜትር መስመር አካል ነው። ያማረ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። አክስቴ ግን "ውኃው አሁንም ይመጣል?" ብለው ጠየቁ። ከቆመ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል አልኳቸው። "ፈረቃው ነው የረዘመባቸው" አሉ።

ማምሻውን ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ገባን። የወይን ጠጅ አገር ነው። ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ 22ኛ እዚህ ኮረብታ ላይ ግንብ ነበራቸው። ግንቡ አስቀድሞ ፈርሶ ማማው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም በ1944 ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ በከፊል በፈንጂ አነሱት። ሰዉ በፀሐይ መጥለቂያ እሱ ሥር ተኮልኩሎ ፎቶ ይነሳል። አክስቴ ከእንግዲህ የት ሊያሳየኝ ነው ብለው ይመስላል፣ ዞረው ወይኑን ማየት ጀመሩ።

ይህ መንደር አንድ የሚገርም ሕግ አለው። በ1954፣ ሰዉ ሁሉ ሰማይ ላይ በራሪ ሳህን (የሌላ ዓለም ፍጡራን መንኮራኩር መሆኑ ነው) አየሁ በሚልበት ሰሞን፣ ከንቲባው ደንብ አወጡ። ማንኛውም በራሪ ሳህን፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ በመንደሩ ክልል እንዳያርፍ ተከልክሏል። ያረፈ እንደሆነ ወዲያው ይያዛል። ደንቡ አልተሻረም።

አክስቴ ይህን ሲሰሙ ግንቡንም ወይኑንም ረስተው ሰማዩን አንጋጠው አዩ።

"ምስኪኖች" አሉ። "የባንክ ስቴትመንት ሳይዙ መጥተው ነዋ።"