ይድረስ ለክቡር የማርሽ መቀየሪያዬ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዳገት ላይ ሥራ ማቆምዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ስለ ጤናዎ አልጠይቅም። ጤነኛ ነዎት። ግቢ ውስጥ ብስክሌቷን ገልብጬ ፔዳሉን በእጄ ሳዞር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያሉ አንድም ጥርስ ሳይስቱ ይቀይራሉ። እንግዳ ፊት ብቻ ጨዋ የሚሆን ልጅ አይተው ያውቃሉ? እሱን ነዎት።

ደግሞ የሚመርጡት ቦታ! ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ የሚወጣውን የጎጃም መንገድ በሳይክል የሞከረ ያውቀዋል። ድንኳንና ልብስ ከኋላ ተጭኗል፣ ሐሳቤ ባሕር ዳር ነው፣ ዳገቱ ገና ግማሽ አልሆነም፣ ሲኖትራኩ ጥቁር ጭሱን ፊቴ ላይ እየለቀቀ ያልፋል። ቀለል ያለ ማርሽ ፈልጌ በአውራ ጣቴ ገፋሁዎት። ጠቅ አላሉም። ጭራሽ ላላ አሉ።

ከእርስዎ ተነስቶ የኋላውን ማርሽ የሚጎትተው ሽቦ ተበጥሷል። ሽቦ ሲበጠስ ደግሞ የኋላው ሞላ ካቴናውን ስቦ ትንሿ ጥርስ ላይ ይጥለዋል፤ እሷ ከሁሉም ከባዷ ማርሽ ናት። እርስዎ እኮ ሥራ ሲለቁ እንኳ በሰላም አይለቁም፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዘው ነው የሚሄዱት።

ወርጄ ገፋሁ። ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች አለፉኝ። አልከፋኝም፣ እነሱ ዓለምን ያልፉ የለ። የሚኒባሱ ረዳት ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ብራዘር፣ ማን ማንን እየነዳ ነው?» አለኝ። ምን ይባላል?

አናቱ ላይ ወጥቼ ቁልቁል ለቀቅኳትና ሱሉልታ ጎሚስታ ቤት ደረስኩ። ልጁ በካቻቢቴ ሲከፍትዎ ገመናዎን አየሁ። ግሪሱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። የተበጣጠሱ የሽቦ ክሮች ተቆላልፈው መሃል ተሰንቅረዋል፤ ልጁ በፒንሳ አንድ በአንድ ሲለቅም እኔም ላግዝ ብዬ አንዷ ጣቴ ውስጥ ገባች፣ አሁንም ትጠዘጥዘኛለች። በሽታዎ እንግዲህ ይኸው ነው። ሽቦው በዚያ ጠባብ ሆድዎ ውስጥ ሲታጠፍ ሲቃና፣ ሲታጠፍ ሲቃና ክር በክር ሲያልቅ ይከርማል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ልጁ የፍሬን ሽቦ አመጣ። የፍሬኑ ውፍረት 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የእርስዎ 1.2። አላስገባም አሉ። ምነው፣ ጉርድ ፎቶ ጎደለኝ?

የድሮው መቀየሪያ እንዲህ አልነበረም። ጠቅታ የሚባል ነገር አያውቅም። በጣታችን እንጎትተዋለን፣ ካቴናው ሲገባ እንሰማለን፣ እንተወዋለን። ሽቦው ቢላላ ትንሽ ጨምረን እንጎትታለን፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1984 ጃፓኖች በየደረጃው ጠቅ የሚለውን ገበያ አወጡና ጣት ማሰብ አቆመ። ለእሽቅድምድም ጥሩ ነው፣ አልክድም። ዕቃ ጭኖ አገር ለሚያቋርጥ ሰው ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ እርስዎ ትርፍ ሰው ነዎት።

ልጁ ያለ እርስዎ ምን እንዳደረገ ይስሙ። ካቴናው ከትንሿ ጥርስ አልፎ እንዳይወድቅ ከኋላ የምትገታ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። እሷን ወደ ውስጥ አጠበቀ፣ አጠበቀ፣ ፔዳሉን አዞረ፣ ካቴናው ቀለል ወዳለው ቀጣይ ጥርስ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ከፊት ያሉት ሦስቱ ጥርሶች ደህና ናቸው። ከ24 ማርሽ 3 ተረፈኝ ማለት ነው፣ እሱም በአንዲት ብሎን። የጠየቀኝ የሻይ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፍልዎ ጫንጮ ሻይ ቤት ሆኜ ነው። እስከዚህ ሜዳ ስለሆነ በሦስቱም ይገፋል። ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል መውረዱም የፍሬን ጣጣ ነው። ከድልድዩ ማዶ ደጀን ድረስ ያለው ዳገት ግን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ እሱን ሳስበው ሻዩ አልወርድ አለኝ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ታግደዋል። ማኑብሪዮው ላይ መቀመጥዎን ግን ይቀጥላሉ። ሥራ ሳይሠራ ወንበር የያዘ መቼም እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
በግራ በኩል ለሚገኙት ወንድምዎ፣ ትምህርት እንዲሆናቸው
ለሁለቱም ጉልበቶቼ፣ ለደጀን ከወዲሁ እንዲዘጋጁ