ረዳት አይደለሁም

እዚህ ጅማ ውስጥ የራሊ (የመኪና ውድድር) ናቪጌተር፣ ማለትም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ መንገዱን የማነብለት ሰው ነኝ ብዬ ስናገር የሚከተለኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ታዲያ ሂሳብ የምትቀበለው አንተ ነህ?» ረዳትነትን ንቄ አይደለም፤ የእኔ ሥራ ግን ሌላ ነው። ከውድድሩ በፊት መንገዱን በዝግታ እየዞርን እያንዳንዱን ኩርባ ከ1 እስከ 6 ባለው ቁጥር እመዘግባለሁ፤ 1 እጅግ የጠበበው ሲሆን 6 ፍጥነት ብዙም ሳይቀነስ የሚታለፈው ነው። በውድድሩ ዕለት ደግሞ ሄልሜት አጥልቄ፣ በኮረኮንች እየተናጥሁ፣ ዓይኔን ከደብተሬ ብዙም ሳልነቅል፣ ሹፌሩ ገና ያላየውን ኩርባ ቀድሜ መናገር ይጠበቅብኛል፤ አንድ መስመር ከዘለልሁ መኪናው የሚገኘው ቡና ማሳ ውስጥ ነው።

ባለፈው ክረምት በአጋሮ አቅጣጫ ባለ የገጠር መንገድ ስንለማመድ፣ «ቀኝ 5» ብዬ የጻፍሁትን ቦታ የሌሊት ዝናብ ቦርቡሮት አድሮ ነበር። ጎማው ሲፈነዳ ሹፌሬ ዞሮ «ምን ስታነብ ነበር?» አለኝ፤ ቀዩን አፈር ቦይ ያደረግሁት እኔ ይመስል! ስንሸነፍ ጥፋቱ የእኔ ንባብ ነው፤ ሲቀናን ግን ፎቶግራፍ የሚነሳው እሱ ነው፣ እኔ (ካነሱኝ) በግማሽ ትከሻዬ እገባለሁ። የማቅለሽለሹን ነገርማ ተዉት፤ ዝንጅብል በኪሴ ይዤ መሄድ ከጀመርሁ ቆይቻለሁ።