ያረጀ ሻንሲ ይበየድ ወይስ ይጣል? ክርክር ከኮምቦልቻ

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ የጭነት መኪና ሻንሲ፣ ማለትም ሁሉን የሚሸከመው የብረት አጽም፣ የሚጣለው ስላረጀ ሳይሆን የሚመረምረው ስለጠፋ ነው። ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ይውረድ፤ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ ጥርት ብሎ እስኪታይ ይጠረግ። ከጋቢናው ጀርባና የባሌስትራው (የላሜራ ሞላው) ማሰሪያ ጥግ በደንብ ይታይ፤ ስንጥቅ መነሻው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከተገኘ ጫፉ ላይ በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ከ6 እስከ 8 ሚሊ ቀዳዳ ይበሳል፤ ክብ ቀዳዳ ስንጥቁ እንዳይሮጥ ይይዘዋል። ከዚያ መስመሩ በግራይንደር በቪ ቅርጽ ተከፍቶ በምድጃ በደረቀ 7018 በሚባል የብየዳ ዘንግ (ኤሌክትሮድ) ይበየዳል። ባትሪው ግን አስቀድሞ ይፈታ!

መርከብ እንኳ ይቀጠላል። ፎርት ሜርሰር የተባለችው ነዳጅ ጫኝ እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካው ኬፕ ኮድ ወዲያ በማዕበል ለሁለት ስትሰበር፣ ሞተሩ ያለበት የኋላ ክፍሏ ተንሳፍፎ ቀረ። ተጎትቶ መጣ፣ አዲስ ፊት ተሠራለት፣ ሳን ሃሲንቶ ተብሎ ሥራ ገባ።

ተቃዋሚ፦ መርከቧን ካነሳህማ የስብራቱን ምክንያትም ጨምርበት። ቲ2 የሚባለው የዚያው ነዳጅ ጫኝ ዓይነት የሆነችው ስከኔክታዲ የተባለች መርከብ እ.ኤ.አ. በጥር 1943 አሜሪካ ፖርትላንድ ላይ ገና አዲስ ሆና፣ ውሃው ጸጥ ብሎ፣ ቆማ ሳለች ተሰነጠቀች። ብረቱ በብርድ ተሰባሪ ነበር፤ ብየዳውም እንከን ነበረበት። በሪቬት (በተቀጠቀጠ የብረት ችንካር) የተያያዘ አካል ቢሆን ስንጥቁ አንዱ ላሜራ ሲያልቅ ሊቆም ይችል ነበር። በብየዳ አንድ በሆነ አካል ግን ማን ያስቆመው? ዛሬ መርከብ ሲቀጠል ብየዳው በኤክስሬይ ወይም በአልትራሳውንድ ይፈተሻል። የእኛን ጋራዥ ብየዳ ማን ይፈትሸዋል?

ደግሞ አንተ የምታወራው ስለ ጥገና ነው፤ ባለንብረቱ የሚፈልገው ሻንሲውን ማስረዘም ነው። በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት በ20 በመቶ ቢጨምርና በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ያው ጭነት ቢጫን፣ መሃሉን የሚያጎብጠው ጉልበት በ44 በመቶ ያድጋል። በዚያ ላይ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሻንሲውን እያጣመመ ይፈትነዋል።

ደጋፊ፦ ስለ ማስረዘሙ እውነት አለህ። ቢሆንም ማጠናከሪያ ብረት በውስጥ ይገባለታል። የማጠናከሪያው ጫፍ በሰያፍ ይቆረጥ፤ ቀጥ ተደርጎ ከተቆረጠ ጉልበቱ አንድ መስመር ላይ ይከማችና እዚያው ይሰነጥቀዋል። 10.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ያለው ቡሎን በሻንሲው ጎን ብቻ ይግባ፤ የላይና የታች ጠርዙ አይበሳ።

ተቃዋሚ፦ በሙቀት የጠነከረ ብረት ከሆነስ? ብየዳው ያገኘው ቦታ ጥንካሬውን ያጣል። ፋብሪካው «አይበየድ» ብሎ ለጥፎበት ቢሆን እንኳ ከስንት ቀለም ሥር ነው ያለው! የብረቱ ዓይነት ከመኪናው መመሪያ እስኪረጋገጥ ያንተን ማጠናከሪያ በቡሎን እቀበላለሁ፤ ኤሌክትሮድ ግን አይነካውም። ማስረዘሙንማ ጭራሽ አታንሳብኝ።