እርካታችንን ስትጠይቁን የሚቀድመንንም ጠይቁን

የከተማ አስተዳደሮች ነዋሪው በአገልግሎት ምን ያህል እንደረካ ሰርቬይ ያሰሩና ውጤቱን አንድ ቁጥር አድርገው ያወጡታል፣ የነዋሪው እርካታ ይሄን ያህል ፐርሰንት ደረሰ ይባላል፣ ዜና ይሰራበታል፣ ሪፖርት ውስጥ ይገባል፣ ከዛ በኋላ ስለሱ የሚያነሳ የለም። እኔ በዚህ ቁጥር ላይ ትልቅ ቅሬታ አለኝ። ተጋንኗል እያልኩ አይደለም፣ በትክክል የተሰራ ቢሆን እንኳን ለብቻው የሚነግረን ነገር በጣም ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም ሰዉ ረካህ ወይ ተባለ እንጂ የቱ እንደሚያንገበግበው አልተጠየቀም።

መጠይቁን ያየ ያውቀዋል። ውሃ፣ መንገድ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ የመንገድ መብራት፣ መናፈሻ፣ የፈቃድና የሰነድ አገልግሎት ተብሎ ይደረደርና ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡ ይባላል፣ ከዛ ሁሉም ተደምሮ ተካፍሎ አማካይ ይወጣል። አንዱ ለመናፈሻ 5 ሰጥቶ ለውሃ 1 ቢሰጥ አማካዩ 3 ነው፣ "መካከለኛ" ተብሎ ይመዘገባል። እንዴ፣ ቧንቧው ደርቆበት ጀሪካን ተሸክሞ የሚዞር ሰው እንዴት ነው መካከለኛ እርካታ አለው የሚባለው? መናፈሻው ማማሩ የውሃውን ጣጣ አያካክስለትም፣ በሰውየው ኑሮ ውስጥ ሁለቱ እኩል ቦታ የላቸውማ።

ለዚህ ከባድ ያልሆነ መፍትሄ አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ከተሞች በነዋሪ ሰርቬያቸው ላይ ይጠቀሙበታል። ነዋሪው ነጥብ ሰጥቶ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ይጨመርለታል፣ ከነዚህ ሁሉ ውስጥ በሚቀጥሉት 2 አመታት የበለጠ ትኩረት እንዲሰጣቸው የምትፈልጋቸውን 3 ምረጥ ይባላል። ከዛ አገልግሎቱን የመረጠው ሰው ፐርሰንት ረክቻለሁ ባላለው ሰው ፐርሰንት ይባዛል፣ አለቀ። ለምሳሌ የመንገድ ጥገናን 50 ፐርሰንቱ መርጦት 60 ፐርሰንቱ ረክቻለሁ ካላለ 0.50 በ0.60 ተባዝቶ 0.30 ይመጣል። መናፈሻን ደግሞ 10 ፐርሰንት ብቻ መርጦት 70 ፐርሰንቱ ባይረካበት 0.07 ነው። እርካታ ብቻ ቢታይ የባሰው መናፈሻው ስለሆነ ገንዘቡ ወደዛ ሊሄድ ነው፣ ሲባዛ ግን መንገዱ ከአራት እጥፍ በላይ ይቀድማል። በተለመደው አሰራር 0.20 እና ከዛ በላይ ያመጣ አገልግሎት የግድ ትኩረት ይጨመርለታል፣ ከ0.10 በታች ያለው ባለበት ይቀጥላል። ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ካልኩሌተሩን ከፍቶ የሚሰራው ሂሳብ ስለሆነ አቅም የለንም ብሎ ነገር የለም።

ሌላው ማን ነው የሚጠየቀው የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ሰርቬዩ የሚሞላው አገልግሎት መስጫው በር ላይ ነው። አንዲት ሴት የቤት ማደሻ ፈቃድ ፈልጋ ትመጣለች፣ ዛሬ ሲስተም የለም ትባላለች፣ ሌላ ቀን ትመጣለች የሚፈርመው ሰውዬ ስብሰባ ገብቷል፣ እንደገና ትመጣለች አንድ ኮፒ ጎደለ፣ እንዲህ እግሯ እስኪቀጥን ተመላልሳ በመጨረሻ ፈቃዷን ይዛ እፎይ ብላ ስትወጣ ነው ወረቀቱ የሚሰጣት። "የዛሬው አስተናጋጅዎ በትህትና አስተናግደዎታል?" አዎ። "ጉዳይዎ በአጭር ጊዜ አልቋል?" ዛሬማ አዎ፣ አስር ደቂቃ አልፈጀም። ለሁሉም 5 ሰጥታ ትሄዳለች፣ አልዋሸችም እኮ። ግን የተመላለሰችበት ጊዜ የትም አልተጻፈም፣ ከሷ ጋር ተሰልፈው የነበሩና መሃል ላይ ተስፋ ቆርጠው የቀሩት ደግሞ ጭራሽ አልተጠየቁም። ይሄ መስተካከል አለበት፣ ቤት ለቤት ወይ በስልክ በዕጣ የተመረጠ ነዋሪ ካልተጠየቀ የሚለካው የተሳካለት ሰው እርካታ ብቻ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሚከተለው ነው። እርካታ የሚመጣው ከተሰጠህ ነገር ብቻ አይደለም፣ ከጠበቅከውም ጭምር ነው። ግሬግ ቫን ራይዚን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት የኒውዮርክ ነዋሪዎችን መረጃ ይዞ ያሳየው ይሄንኑ ነው፣ ሰው የሚረካው ያገኘውን ከጠበቀው ጋር አወዳድሮ ነው። ይሄ ወደ ሰፈር ሲወርድ ምን እንደሚያመጣ አስቡት። ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣለት ሰፈር በሳምንት ሁለቴ ቢመጣለት ተመስገን ይላል፣ ውሃ ተቋርጦበት የማያውቅ ሰፈር ደግሞ ግማሽ ቀን ቢጠፋበት ያማርራል፣ ይደውላል፣ ይጽፋል፣ የሚያውቀውን ባለስልጣን ይጠራል። የእርካታ ቁጥር ብቻ እያየ በጀት የሚመድብ አስተዳደር እንግዲህ ገንዘቡን ወዴት እንደሚወስደው ግልጽ ነው፣ ችግሩን ለምዶት ዝም ያለው እንደረካ ተቆጥሮ ይታለፋል። የቅሬታ ስልክም ብቻውን አያድንም። የአሜሪካዋ ከተማ ባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ1996 ድንገተኛ ላልሆነ ጉዳይ 311 የሚባል ቁጥር ጀምራ ብዙ ከተሞች ተከትለዋታል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ነገር ግን ደውዬ ምን ሊመጣ ነው የሚል ሰው አይደውልም። ስለዚህ ከሰዉ ስሜት ጎን በአይን የሚታየውም ይለካ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ሰአት መጣ፣ የጠፋ የመንገድ መብራት በስንት ቀን ተቀየረ፣ አንድ ፈቃድ ስንት ምልልስ ፈጀ፣ ሁሉም በየሰፈሩ ተለይቶ።

ይሄን ያደረገ ከተማ የለም እንዳይባል የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ አለች። እ.ኤ.አ. በ1989 ነዋሪው ራሱ በጀት ላይ የሚወስንበትን አሰራር ስትጀምር ገንዘቡ ለየአካባቢው የሚከፋፈለው ብዙ በጮኸው መጠን አልነበረም፣ የህዝቡ ብዛት፣ አገልግሎቱ ምን ያህል እንደጎደለ እና ነዋሪው ራሱ ያስቀደመው ነገር ተያይዘው ነጥብ ይሰጣቸው ነበር። የአለም ባንክ እንደመዘገበው የውሃና የፍሳሽ መስመር ያለው ቤት በ1988 ከነበረበት 75 ፐርሰንት በ1997 ወደ 98 ፐርሰንት ደርሷል። ህንድ ባንጋሎር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ከመንግስት ውጪ ያለ ቡድን ነዋሪውን ጠይቆ ለየመስሪያ ቤቱ ውጤት ሰጠ፣ ልክ እንደ ተማሪ ሰርተፊኬት ማለት ነው፣ ጉቦ ተጠይቃችኋል ወይ የሚለውንም ጨምሮ። የመጀመሪያው ውጤት በጣም ዝቅተኛ ነበር፣ በ1999 ሲደገም ትንሽ መሻሻል ታየ፣ በ2003 ሲደገም ግን ብዙዎቹ በደንብ ተሻሽለው ተገኙ። በስማቸው ተጠርተው ጋዜጣ ላይ ስለወጡ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አልቻሉም፣ ተመልሶ የሚመጣ ፈተና እንዳለባቸውም አወቁ።

ነዋሪው የሚመርጠው በአይኑ የሚያየውን ብቻ ነው፣ መሬት ውስጥ ያለ ያረጀ ቱቦ ማን ይመርጣል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፣ እውነት አላቸው። ጎርፍ እስኪመጣ ድረስ የጎርፍ መውረጃን ማንም ትዝ አይለውም። ግን መልሱ አለመጠየቅ አይደለም፣ ከመጠየቅ በፊት ማስረዳት ነው፣ ይሄ ቱቦ ይሄን ያህል አመት ሆኖታል፣ ቢፈነዳ እነዚህ ሰፈሮች ውሃ ያጣሉ፣ ለመቀየር ይሄን ያህል ይፈጃል ብሎ አስቀምጦ ከዛ ምረጡ ማለት። ሰዉ ሲነገረው ይገባዋል።

በሚቀጥለው ሰርቬይ ላይ እኔ የምጠብቀው የከተማውን አንድ አማካይ ሳይሆን የየሰፈሩን ነው፣ ነዋሪው ያስቀደመው ዝርዝር በጀቱ ካረፈበት ዝርዝር ጎን ለጎን ታትሞ። ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ደግሞ እናንተ ሶስተኛ ያላችሁትን ዘንድሮ አልሰራነውም፣ ገንዘቡ እዚህ ስለዋለ ነው፣ በዚህ ጊዜ እንመለስበታለን ተብሎ ከነምክንያቱ ይጻፍ፣ የወሰነው ክፍል ስምም አብሮ ይውጣ፣ ቅር ያለው ሰው የት ሄዶ እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ።